ቫይረሱ የሄደበት መንገድ፦ ከአዘዞ እስከ መተማ

[ምስል፦ አዘዞ፣ ማለዳ። መገንጠያው ላይ አይሱዙዎች ተሰልፈዋል።]

ከጎንደር ቁልቁል ወርዳችሁ አዘዞ ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ሌላው በአይከል፣ በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ ይገባል፤ ድልድዩን ከተሻገራችሁ ሱዳን ናችሁ።

"ኤች አይ ቪ እንዴት ተስፋፋ?" የሚል ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እሾህ ባወጣ ኳስ ሥዕል ነው። እኔ የማሳያችሁ ይህን መገንጠያ ነው። ቫይረሱ እግር የለውም፤ ሰው ሲሄድ ይሄዳል።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ዋና ዋና መንገዶች በቀይ።]

በአገራችን የቫይረሱ ምልክት መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 በተሰበሰበ ደም ውስጥ ነው። በ1986 የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን ተመዘገቡ። በ1988 ግን በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባሉ ከተሞች ከተመረመሩ ሴተኛ አዳሪዎች 17 ከመቶው፣ ከረጅም ርቀት ሾፌሮች ደግሞ 13 ከመቶ ገደማው ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል።

ሾፌሩ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ያኔ በነበረው መንገድ ጭነት መኪና በአንድ ቀን ሩቅ አይሄድም፤ ሁሉም የሚያድረው በዚያው በለመደው ከተማ ነው። ከአሰብ የመጣው፣ ከመቀሌ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የወጣው አንድ ግቢ ውስጥ ያድራሉ። አንድ ገበሬ በሩቅ ቀበሌ ቢያዝ ቫይረሱ ምናልባት ከጎጆው አይወጣም። ማደሪያ ከተማ ላይ የተያዘች አንዲት ሴት ግን አራት አቅጣጫ የሚበተን ሰው ነው የሚያገኛት። ልዩነቱ የጸባይ አይደለም፤ የቦታ ነው።

በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1991) ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ወታደር ካምፑን ለቆ ወደየቀዬው ተበተነ። መንገድ ያልገባበት ቀበሌ ሳይቀር ልጁ ተመለሰለት። ደስታውን አስቡት። በዚያ ደስታ ውስጥ ማን ስለ ደም ምርመራ ያወራል?

[ምስል፦ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን።]

አሁን ወደ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው 0.9 ከመቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ "እንግዲህ አልቋል" አለ። ቁጥሩን ስትከፍቱት ግን ከተማው 2.9፣ ገጠሩ 0.4 ነው። አማካይ እንዲህ ያታልላል፤ ሰፊው ገጠር የመንገድ ዳሩን ከተማ ይሸፍነዋል።

[ምስል፦ መተማ፣ የሰሊጥ ማሳ።]

እኛ ጎንደሮች በደንብ ልናውቀው የሚገባው ግን ሰሊጡን ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም። ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ባለሀብቱ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከደጋው ወጣቱ በአይሱዙ ተጭኖ ይወርዳል። ሚስት ያለው ሚስቱን ትቶ፣ የሌለው ብቻውን። ገንዘቡ የሚከፈለው ከተማ ላይ ነው፤ ከተማው ላይ ያለው ደግሞ ጠላ ቤት፣ ቡና ቤት፣ አልጋ።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ ሰው በቀላሉ የሚያስተላልፈውም ያኔ ነው። ጣት ተወግቶ የሚደረገው ምርመራ ግን ሰውነት ቀስ ብሎ የሚያዘጋጀውን መከላከያ ስለሚፈልግ በዚያን ሰሞን "ነጻ ነህ" ሊል ይችላል። ያኔ የሚመጣው ትኩሳትስ? መተማ ላይ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ልጁ በጥቅምት ይያዛል፣ "ወባ ነው" ብሎ ኪኒን ይውጣል፣ ኅዳር ላይ ደመወዙን ይዞ ቤቱ ይገባል። በጣም በሚያስተላልፍበት ሰሞን።

[ምስል፦ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት፣ ግራር ሥር የተኙ ሠራተኞች።]

ያው ማሳ ሌላም ነገር አለው፦ ካላዛር የሚባል በሽታ። የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ደጅ የተኛውን ትነክሳለች፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ግን ቫይረሱ የመከላከያ ሴሎቹን ስለሚገድልበት ካላዛሩ ይብስበታል፣ ድኖም ይመለስበታል። ሁለቱም ያለበት ሰው ሕክምናው ከባድ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማዕከል ይህን ዓይነት ሕመምተኛ ሲያክም ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነዚህ ሕሙማን ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ላይ እንዲሰጡ ሲመክር፣ ከማስረጃዎቹ መካከል ጎንደርና አብዱራፊ ላይ የተደረገ ጥናት ነበረበት። በቱሪስት ብሮሹር ላይ አታገኙትም እንጂ፣ እኔ ከግንቡ እኩል የምኮራበት ነው።

[ምስል፦ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የቀጠሮ ካርድ።]

ጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ነው። ያኔ "ጸበል ወይስ ኪኒን?" ብለው ኪኒኑን የተዉ ብዙ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኗ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ ብላ ማስተማሯ ብዙዎችን መልሷል። ዛሬ ኪኒኑን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ቫይረሱ እያለባቸው ሳይታከሙ ከሚወልዱ እናቶች ከ15 እስከ 45 ከመቶው ለልጃቸው ያስተላልፋሉ፤ በሕክምና ከ5 ከመቶ በታች ይወርዳል።

ግን ካርዱ ጎንደር ነው፣ ሰውየው ማሳ ላይ ነው። ኪኒኑ ጥቅምት 10 ቢያልቅ የቀን ሥራውን ጥሎ ይመጣል? አይመጣም። የደረሰውን ሰሊጥ ትቶ ማን ይመጣል! ለዚህ ነው የሦስትና የስድስት ወር ኪኒን በአንዴ መስጠት ለመተማ ሠራተኛ ትልቅ ነገር የሚሆነው። ነሐሴ ላይ፣ አይሱዙው ከአዘዞ ሳይነሳ፣ ብልቃጡ ከጋቢው ጋር ከረጢቱ ውስጥ መግባት አለበት።