ለውጊያ ያልቸኮሉት አዛዥ፦ ሌተናል ኮሎኔል ጄምስ ስቶን በኮሪያ

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በዛሬው የመታሰቢያ ቀን ስለ አንድ የካናዳ እግረኛ ጦር መኮንን እንድናገር ስጠየቅ፣ በምንኖርባት በዚህች በኤድመንተን ስም በሚጠራው ሬጅመንት ውስጥ ያደጉትን ሌተናል ኮሎኔል ጄምስ ራይሊ ስቶንን መረጥሁ። ስማቸው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከካፕዮንግ ውጊያ ጋር ነው፤ እኔ ግን ያ ውጊያ ከመድረሱ ከአራት ወራት በፊት ባደረጉት ነገር ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ።

ስቶን እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ አገር ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ ካናዳ የመጡ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር በሎያል ኤድመንተን ሬጅመንት በተራ ወታደርነት ተቀጠሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የዚያው ሬጅመንት አዛዥ ነበሩ። በዲሴምበር 1943 የኢጣሊያዋን ኦርቶናን ለመያዝ ካናዳውያን የቤቶችን ግድግዳ እየነደሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዋጉ፣ ስቶን የሚመሩት ሻምበል በአንድ የጀርመን ፀረ ታንክ መድፍ ተገትቶ ቆመ። እርሳቸው ወደ መድፉ ሮጠው የጭስ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የእጅ ቦምብ አስከትለው መድፉን ዝም አሰኙት፤ ለዚህም ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳልያ ተሸለሙ። ይህን የማነሳው በኋላ ለመዋጋት ፈቃደኛ ያልሆኑበት ጊዜ ሲመጣ ማንም በፍርሃት እንዳይጠረጥራቸው ነው።

የኮሪያ ጦርነት በ1950 ሲፈነዳ ካናዳ ለተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ልዩ ጦር በችኮላ መለመለች። ከተመልማዮቹ መካከል የቀድሞው ጦርነት ልምድ ያላቸው ብዙዎች ቢኖሩም፣ ለውትድርና የማይበቁም ሳይቀላቀሉ አልቀሩም። የፕሪንሰስ ፓትሪሺያ ካናዳ ቀላል እግረኛ ሬጅመንት 2ኛ ሻለቃ ስቶንን አዛዥ አድርጎ በዲሴምበር 1950 ፑሳን ሲደርስ፣ ቻይናውያን ጣልቃ ገብተው የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ወደ ደቡብ እየገፉት ነበር። የአሜሪካ 8ኛው ጦር አዛዥ ጄኔራል ዋልከር ሻለቃው ሳይውል ሳያድር ወደ ግንባር እንዲዘምት ፈለጉ። ስቶን ግን ሥልጠናው ሳይጠናቀቅ ራስን ከመከላከል በቀር ውጊያ እንዳይገቡ መንግሥታቸው የሰጣቸውን የጽሑፍ ትእዛዝ አሳይተው፣ ስምንት ሳምንት ያስፈልገኛል አሉ። አንድ ሌተናል ኮሎኔል በዚያ ጭንቅ ሰዓት ለሌላ አገር ጄኔራል እንዲህ ብሎ መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኦታዋ ወረቀት በኪሳቸው ቢኖርም፣ ወረቀቱን አውጥቶ ማሳየት የእርሳቸው ድፍረት ነው።

ከዚያ በኋላ ሚርያንግ አካባቢ ባሉት ተራሮች ወታደሮቻቸውን ሽቅብና ቁልቁል አስሮጡ፤ ያልቻለውንም ወደ ኋላ መለሱ። በፌብሩዋሪ 1951 ወደ ግንባር ሲያመሩ፣ በመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ እንዳሉ ድንገት የተገደሉ የብዙ አሜሪካውያን ወታደሮችን አስከሬን መንገድ ላይ አገኙ። ስቶን ከዚያ ወዲያ በግንባር መስመር በመኝታ ከረጢት መተኛትን ከለከሉ። በኮሪያ ብርድ ይህ ትእዛዝ እንዴት እንደተጠላ መገመት አያዳግትም፤ ደግ አዛዥ ነበሩ ለማለትም አልደፍርም።

በኤፕሪል 22 ቀን 1951 ቻይናውያን ከፍተኛውን የጸደይ ማጥቃት ሲከፍቱ የደቡብ ኮሪያ 6ኛ ክፍለ ጦር ተበታተነ፤ ወደ ሴኡል የሚያወርደው የካፕዮንግ ሸለቆም ክፍት ሆነ። አውስትራሊያውያን ከወንዙ በስተ ምሥራቅ 504 የተባለውን ኮረብታ፣ ካናዳውያን ደግሞ በስተ ምዕራብ 677ን እንዲይዙ ታዘዙ። ስቶን ምሽግ ከማስቆፈራቸው በፊት የሻምበል አዛዦቻቸውን ይዘው ጠላት ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሄዱና ኮረብታውን ከዚያ ወገን ሆነው አጠኑት፤ እያንዳንዱ ሻምበል የተመደበውም በዚህ ጥናት መሠረት ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት መከራ የተሸከሙት አውስትራሊያውያን ናቸው። 32 ሰዎች ሞተውባቸው እስኪያፈገፍጉ ድረስ ጠላትን አዘግይተውታልና፣ እነርሱን ሳያነሱ ስለ ካፕዮንግ መናገር ነውር ነው። በኤፕሪል 24 ሌሊት ተራው የካናዳውያን ሆነ። ወደ ሻለቃው ዋና መምሪያ በጨለማ የተጠጋውን ኃይል የሞርታር መቶው በተሽከርካሪዎቹ ላይ በተጠመዱት መትረየሶች መለሰው። ከንጋት በፊት በስተ ምዕራብ የነበረው ዲ ሻምበል ሊዋጥ ሲቃረብ፣ አዛዡ ካፒቴን ዋሊ ሚልስ የኒውዚላንድ መድፈኞች በራሱ ይዞታ ላይ እንዲተኩሱ ጠየቀ። ወታደሮቹ ምሽግ ውስጥ ሲሆኑ አጥቂዎቹ ሜዳ ላይ ነበሩና መድፉ የለየው እነርሱን ነው። ስቶን ማፈግፈግን አልፈቀዱም፤ ኮረብታው አንዴ ከተለቀቀ ተመልሶ እንደማይያዝ ያውቁ ነበር። ሲነጋ ከበስተኋላ ያለው መንገድ ተቆርጦ ስለነበር ጥይትና ምግብ ከጃፓን በተነሡ አውሮፕላኖች በፓራሹት ወረደላቸው። ሻለቃው 10 ሰዎች ሞተውበት 23 ቆሰሉበት፤ ኮረብታው ግን አልተለቀቀም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የክፍል ሽልማትም ተሰጠው።

በዚህ አዳራሽ ላለን ኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። ከካፕዮንግ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 1951 መጀመሪያ፣ በሌተናል ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በዚያው በፑሳን ወደብ ወረደ፤ እርሱም ወደ ግንባር ከመላኩ በፊት ለሳምንታት ሠልጥኗል። ለቃኘው ዘማቾች የቆመው ሐውልት የሚገኝባት ቹንቾን ከተማም ከካፕዮንግ ጋር ትዋሰናለች። ወደ ኮሪያ የመጓዝ ዕድል የሚገጥማችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን መጎብኘት ትችላላችሁ፤ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ስቶን በኋላ የካናዳ ጦር ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ሴት ልጃቸውን በዓይን ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ1957 ማየት ለተሳናቸው ሕፃናት የሚውል የወታደራዊ ፖሊስ የዕርዳታ ፈንድ አቋቋሙ። እርሳቸው በ2005 በ97 ዓመታቸው ቪክቶሪያ ከተማ ዐረፉ፤ ፈንዱ ግን ዛሬም ይሠራል፣ ገንዘቡን የሚያሰባስቡትም ወታደራዊ ፖሊሶቹ ናቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።