ከፖም ዛፍ ሥር፦ ቪዮሌት ለዱክና ወዳጆቿ

(በንባብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ። እዚህ ጋ ሦስት ባዶ ወንበር ይታየኛል። የፊት ወንበር ለባለሥልጣን ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ባለሥልጣን አልጠራንም።

የማወራላችሁ ስለ አንዲት ፈረንሳዊት ጸሐፊ ነው። ስሟ ቪዮሌት ለዱክ ይባላል። ስሟን የሰማችሁ ብዙ አትሆኑም ብዬ እገምታለሁ። ፈላስፋና ደራሲዋን ሲሞን ደ ቦቩዋርን ግን ታውቃላችሁ። ፈላስፋውን ሳርትርንና ደራሲውን ካሙንም ታውቃላችሁ። ለዱክ ከነሱ ጋር በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ኖራለች። አንድ ካፌም ገብታለች፤ የምትቀመጠው ግን ጥግ ላይ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

ከርዕሱ ልጀምር። የታወቀችው በ1964 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ነው። በፈረንሳይኛ «ላ ባታርድ» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዲቃላ» ነው። አሁን ቃሏን በማይክ ስጠራት አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ደፋችሁ። ይገባኛል። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ይቺ ቃል ወይ በሹክሹክታ ነው የምትነገረው፣ ወይ ጠብ ሲጦፍ። መሃል የላትም። ንግግሩን ሳዘጋጅ አንዲት ወዳጄ «ከጋብቻ ውጭ የተወለደችው ብትለውስ?» አለችኝ። የቀበሌ ፎርም ይመስላል አልኳት። ለዱክ ቃሉን የመረጠችው ስድብ መሆኑን አጥታው አይደለም። ስድብ ስለሆነ ነው የመረጠችው።

የተወለደችው በ1907፣ አራስ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ነው። እናቷ ቤርት ቫላንሲየን ከተማ ውስጥ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አባትየው የዚያው ቤት ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ሠራተኛዋ አረገዘች፣ ከቤቱ ወጣች፣ ልጁም ልጄ ናት ሳይል ቀረ። ቪዮሌት የእናቷን የቤተሰብ ስም ይዛ አደገች። ያቀፈቻት አያቷ ፊዴሊን ነበረች። እሷም ቪዮሌት ገና ልጅ ሳለች ሞተችባት።

እናትየውን ክፉ ናት ብዬ አላልፍም። የተገፋች ሴት ናት። ግን ልጇን ባየች ቁጥር የደረሰባትን ታያለች። ይህን ለዱክ በመጀመሪያ መጽሐፏ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፈችው፦ «እናቴ እጄን ይዛኝ አታውቅም።» ቀጥላ የምትነግረን ነገር ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስቆመኛል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ እናቷ ታወጣታለች፣ ታወርዳታለች። እጇን ይዛ ግን አይደለም። ቀሚሷን ብብቷ አካባቢ፣ እጅጌው ከትከሻው ጋር የሚሰፋበት ቦታ ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ነው። እስቲ አስቡት። ልጁ አይወድቅም፣ መኪናም አይገጨው። እናት ግዴታዋን ተወጥታለች። ልጇን ግን አልነካቻትም።

በ1926 ቤተሰቡ ፓሪስ ገባ። ቪዮሌት የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ወደቀች። ፕሎን የተባለ አሳታሚ ቤት አነስተኛ ሥራ አገኘች። በዚያ ዘመን አብራት ትኖር የነበረችው ሴት ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ፍቅሮቿ ከሴቶች ጋር እንደነበሩ ራሷ ሳትደብቅ ጽፋለች። በኋላ አንድ ወንድ አገባች፣ ትዳሩ አልዘለቀም። መልኳ ዕድሜ ልኳን ሲያሳምማት ኖረ፤ በተለይ አፍንጫዋ። አንድ ቀን ውድ ሱፍ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ በራሷ ተደስታ የፓሪስ ድልድይ ላይ ትሄዳለች። አንዲት መንገደኛ አየቻትና «እንዲህ ዓይነት ፊት ቢኖረኝ ራሴን አጠፋ ነበር» ብላ አለፈች። ለዱክ ይህንንም ጻፈችው። ሌላው ሰው እስኪሞት የሚደብቀውን ነገር እሷ ገጽ ሙሉ ታደርገዋለች። ሱፉ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ሳይቀር።

አሁን ወደ ወዳጆቿ እንምጣ።

የመጀመሪያው ሞሪስ ሳክስ ነው። ጸሐፊ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ተበድሮ የማይመልስ፣ ሲመቸውም የሚሰርቅ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ በ1942፣ ሁለቱ ኖርማንዲ ውስጥ አንድ መንደር ገቡ። ፓሪስ ምግብ በራሽን ነው፤ ገጠር ግን ቅቤም ሥጋም አለ። ለዱክ ጥቁር ገበያ ጀመረች። ቅቤና ሥጋ ሻንጣ ውስጥ እያጨቀች በባቡር ፓሪስ ወስዳ ትሸጣለች። እንደ ጎበዝ ነጋዴ ነው የሠራችበት፣ ገንዘብ መቁጠር እንደምትወድም አልደበቀችም። ማታ ማታ ታዲያ ለሳክስ ስለ ልጅነቷ መከራ ታወራለታለች። ዛሬም ነገም። ሳክስ መረረው። የልጅነት መከራሽ አሰልችቶኛል፤ ዘንቢልሽን፣ ብዕርና ደብተር ያዢና እዚያ ፖም ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ የምትነግሪኝን ጻፊው አላት።

ሄዳ ተቀመጠች፣ ጻፈችም። ያቺ ስለ እጅ የነገርኳችሁ መስመር የወጣችው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ነበር። ሳክስ መጽሐፉን አላየውም። ራሱ አይሁድ ተወልዶ ሳለ ለሥራ ብሎ ጀርመን ሄደ። እዚያም ለጌስታፖ፣ ለናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ወሬ አቀባይ ሆነ፣ በ1945 ተገደለ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው አፍ ነው እንግዲህ ያ ቁምነገር የወጣው።

ሁለተኛዋ ቦቩዋር ናት። መጀመሪያ የተያዩት ሲኒማ ቤት ሰልፍ ላይ ነው። ቦቩዋር በኋላ ስትጽፍ ፊቷ እጅግ አስቀያሚ፣ ግን ሕይወት የሚፈልቅበት እንደነበር ታስታውሳለች። ለዱክ ካፌ ደ ፍሎር መጥታ የእጅ ጽሑፏን ሰጠቻት። ቦቩዋር የአንዲት የዘመናይ ሴት ጉድ መስሏት ነው የተቀበለችው። ገለጥ ስታደርገው ግን «እናቴ እጄን ይዛኝ አታውቅም» ይላል። ግማሹን በአንድ ቁጭታ አነበበች። ከዚያ ለዱክን አገኘቻትና ሁለተኛው ግማሽ ደካማ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረቻት። ለዱክ እንደገና ጻፈችው። በ1946 አልበር ካሙ በሚመራው ተከታታይ ሥር፣ ጋሊማር አሳታሚ ቤት አወጣው። የገዛው ሰው ጥቂት ነው። ያደነቁት ግን ሳርትር፣ ገጣሚው ኮክቶ፣ ደራሲው ዥኔ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ለዱክ ቦቩዋርን አፈቀረቻት። ልክ በሌለው ሁኔታ። ቦቩዋር ያንን ልሰጥሽ አልችልም አለቻት፤ በሯን ግን አልዘጋችም። በየሁለት ሳምንቱ እራት አብረው ይበላሉ፣ ለዱክ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች፣ ቦቩዋር ታነባለች፣ ታርማለች። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ለዱክ ያንን ፍቅር «የተራበችው» ብለን ልንመልሰው በምንችለው በ1948 መጽሐፏ ጻፈችው። ቦቩዋር እዚያ ውስጥ ስም የላትም፤ «እመቤት» ብቻ ናት። የገረመኝ ይህን መጽሐፍ አንብባ ስታርም የነበረችው ራሷ እመቤቲቱ መሆኗ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በሦስተኛው ነው የጨረስኩት።

የመጽሐፉን ውድ እትም ወጪ የሸፈነው ዣክ ጌራን ነው። የሽቶ ፋብሪካ ባለቤት ነው፣ የደራሲያንን የእጅ ጽሑፍ የሚሰበስብ ሰው። የታላቁ ደራሲ የፕሩስት ወረቀቶች ከመጥፋት የተረፉት በከፊል በሱ ነው። ለዱክ እሱንም አፈቀረችው። ጌራን ደግሞ ወንድ ወዳድ ነበር። ሳክስም ዥኔም እንዲሁ። እሷ እንደሆነ የማይከፈት በር ካላንኳኳች አይሆንላትም።

ግን አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ይኸው ነው። ጌራን ሀብታም ይሁን እንጂ እሱም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ነው። ዣን ዥኔን ደግሞ እናቱ ለመንግሥት ማሳደጊያ ሰጥታ ነው የሄደችው፤ አባቱን አያውቅም። ለዱክን ታውቋታላችሁ። አንዷ ሠራተኛ ወልዳት፣ አንዱን ማሳደጊያ አሳድጎት፣ አንዱ በሽቶ ገንዘብ ተቀማጥሎ፣ አንድ ሳሎን ተገናኙ። ስለ ፓሪስ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ሲወራ ፍልስፍናው፣ ሲጋራው፣ ካፌው ነው የሚነሳው። ይኼኛው ክበብ ግን ሌላ ነው። የጋራቸው ሐሳብ ሳይሆን የጋራቸው ስድብ ነው ያሰባሰባቸው።

አንድ ቀን ጌራን ቤት ለጨዋታ አጭር ፊልም ቀረጹ። ክርስትና ማንሳት ነው የሚያሳየው። እናትየዋን ሆና የተጫወተችው ለዱክ ናት። ሕፃኑን የሆነው ማን ይመስላችኋል? ዥኔ! ራሰ በራው፣ እስር ቤት የተመላለሰው ዥኔ፣ የሕፃን ልብስ ለብሶ። አዎ፣ ሳቁ፣ እነሱም የሳቁ ይመስለኛል። ግን እናቷ እጇን ያልያዘቻት ሴት፣ እናቱ የጣለችውን ሰው ስታቅፍ አስቡት። ከዥኔ ጋር በኋላ ተኳረፉ። እሱ ከማን ጋር ያልተኳረፈ አለ?

ከዚያ መከራው መጣ። በ1955 የሚወጣውን ልብ ወለዷን ለአሳታሚዋ ሰጠች። መጀመሪያው ክፍል አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ስላሉ የሁለት ልጃገረዶች ፍቅር ነው። አሳታሚው ይህን አላትምም አለ። መቶ ሃምሳ ገጽ ያህል ተቆርጦ ቀረ። በዚያው ዘመን የወንዶቹ ድፍረት ይታተም ነበር፤ የሷ ግን ነውር ሆነ። ለዱክ ተሰበረች። ሰው ሁሉ የሚያሳድዳት ይመስላት ጀመር። ክሊኒክ ገባች፣ በመድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚያስተኛ ሕክምና ተደረገላት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በየወሩ ከጋሊማር ገንዘብ ይመጣላት ነበር። መጽሐፎቿ አይሸጡም፣ አሳታሚው ግን ይከፍላል። ገንዘቡ ከቦቩዋር ኪስ ነበር የሚወጣው። በአሳታሚው በኩል ያስላከችው እንደ ምጽዋት እንዳይሆንባት ነው። ቦቩዋር ላይ ብዙ ትችት ይቀርባል፣ አንዳንዱን እኔም እጋራለሁ። ለዚህች ግን እጅ እነሣታለሁ።

በ1964 «ዲቃላ» ወጣ። መቅድሙን ቦቩዋር ጻፈችው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ የለዱክ የራሷ፣ እንዲህ ይላል፦ «የእኔ ነገር ልዩ አይደለም፤ መሞት እፈራለሁ፣ መወለዴም ይቆጨኛል።» መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፣ ለጎንኩር፣ ለታላቁ የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም ታጨ፤ አላገኘም። ለዱክ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ የተቆረጠው ክፍል ለብቻው ታተመ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፎኮን በምትባል ትንሽ መንደር ቤት ገዛች። ደጅ ቁጭ ብላ ትጽፍ ነበር። የጡት ካንሰር ያዛት፣ በግንቦት 1972 በስልሳ አምስት ዓመቷ እዚያው ሞተች። የሕይወት ታሪኳን ሦስተኛ ክፍል ለኅትመት ያበቃችው ያቺው አንባቢዋ፣ ቦቩዋር ናት። በ1973 ወጣ።

እንግዲህ የ«ላ ባታርድ»ን የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ወደ አማርኛ መልሻለሁ፤ አሁን አነብላችኋለሁ። ርዕሱን ግን ገና አልቆረጥኩም። በሩ ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። «ዲቃላ» የከበዳችሁ ካላችሁ፣ የተሻለውን ቃል ጻፉልኝ። የቀበሌ ፎርም የሚመስለውን ግን አልቀበልም።