ሂሳብ ሲጎድል፦ ለአዲስ የባንክ ካሸሮች የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! እንኳን ለሥራ አበቃችሁ።

አሰልጣኞቻችሁ ስለ ደንበኛ አያያዝ አውርተዋችኋል። ለእኔ የደረሰኝ ጉድለት ነው። ደስ የማይለው ርዕስ መቼም ዋና ካሸሩን አያልፈውም።

እዚህ ካላችሁት መካከል ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሂሳብ የሚጎድልበት አይጠፋም። አንድ እስር 100 ኖት ነው። የባለ 200 ብሩ 20 ሺህ፣ የባለ 100ው 10 ሺህ ይሆናል። በደመወዝ ሰሞን ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሶ፣ አንዱ "ቶሎ በይ እንጂ!" እያለ ሲነጫነጭ፣ የባለ 200ውን እስር በባለ 100ው ቦታ ካቀበላችሁ 10 ሺህ ብር ወጣ። ወይ 5,000 ብር ተቀብላችሁ 50,000 ትመዘግባላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ ልጅን በዚያ ሰሞን ብቻዋን መስኮት ላይ የሚያስቀምጥ ኃላፊም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ሰምታችኋል አይደል?

ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ጎደለ እንበል። እጅ ይንቀጠቀጣል። ያው እስር ደግሞ ደጋግሞ ይቆጠራል። ከዚያ ያቺ ክፉ ሐሳብ ትመጣለች፦ "ለዛሬ ልሸፍነው፣ ነገ ተበድሬ እተካዋለሁ።" እሷን ፍሩ። ጉድለት የሥራ ስህተት ነው። የሌለ ብር አለ ብሎ መፈረም ግን ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል።

ወዲያው ለሱፐርቫይዘራችሁ ንገሩ። የምዝገባ ስህተት ከሆነ ደረሰኝ ሲመሳከር ይገኛል። ግን ጊዜ አይሰጥም። ዛሬ ማታ በስህተት ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ የገባ ብር በሞባይል ተላልፎ ጠዋት ላይገኝ ይችላል።

ካልተገኘስ? ከደመወዝ ወደ መቁረጥ ይኬዳል። ያማል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ገደብ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዛችሁ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ የስምምነት ወረቀት ሲመጣላችሁ በድንጋጤ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

"ገና ሙከራ ላይ ነኝ፣ ያባርሩኛል" የምትሉ አላችሁ። ሊሆን ይችላል፣ አልዋሻችሁም። እኔ ግን "ጎድሎብኛል" ብሎ ራሱ ከነገረኝ ልጅ ጋር መሥራት ይሻለኛል። የደበቀኝንማ ሳጥን በየማታው ማን ይቆጥርልኛል?

ከሰዓት በኋላ ብርና ቁልፍ ትረከባላችሁ። የማስረክባችሁ እኔው ነኝ። ብታምኑኝም እዚያው ፊቴ ቆጥራችሁ ፈርሙ።