«መጠጥ ይችላል» የሚባለው ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ጊቢ መጠጥ ነው። ስለ ሱሰኛ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክላሱን በሥርዓት ስለሚከታተል፣ ቅዳሜ ማታ ግን አንዴ ከተቀመጠ እስኪወድቅ ስለሚጠጣ ተማሪ ነው።

ጊቢ የቆየ ሰው እሁድ ጠዋትን ያውቃታል። ዶርም ውስጥ አንዱ ረፋዱ ላይ ይነቃል። አፉ ደርቋል፣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። «እንዴት ገባሁ?» ይላል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አንዱ ተነስቶ ይተርክለታል፤ በር ላይ ዘበኛውን እንዴት እንዳቀፈ፣ ለማን እንደደወለ፣ ምን ብሎ እንዳለቀሰ። እሱም አብሮ ይስቃል። የራሱን ታሪክ ግን ገና አሁን መስማቱ ነው።

እኔ ይሄን ሳቅ አልወደውም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችን ልጁ ረሳ ብለን ነው የምናስበው። አልረሳም። ለመርሳት መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል። አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። የዋልንበትን ተቀብሎ ነገ ወደሚታወስ ነገር የሚቀይረው እሱ ነው። ደም ውስጥ ያለው አልኮል በፍጥነት ሲጨምር ይሄ ክፍል ሥራውን ያቆማል። ሌላው አንጎል ግን አልተኛም። ልጁ ያወራል፣ ይጨፍራል፣ ሒሳብ ይከፍላል፣ ይጣላል። እኔ አሁን ማይክ ፊት ተቀምጬ ይሄን ሁሉ አውርቼ፣ ሪከርድ የሚለውን ሳልጫን ብቀር ማለት ነው። ወሬው ተወርቷል፤ ፋይሉ ግን የለም።

ዶናልድ ጉድዊን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከባድ ጠጪ የሆኑ አሥር ወንዶችን ሰብስቦ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ውስኪ አጠጣቸው። በየመሃሉ የልጆች መጫወቻ ያሳያቸዋል። ከ2 ደቂቃ በኋላ «ምን ነበር ያሳየሁህ?» ሲላቸው አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲጠይቃቸው ግን ግማሾቹ መጫወቻውን ቀርቶ የሆነ ነገር ማየታቸውንም አያውቁም። በነጋታውም ያው ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ያቺ የ2 ደቂቃዋ ናት። ሰውዬው ለጥያቄ ይመልሳል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ምንም አይጠረጥርም። እናንተም ግሮሰሪ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠው ጓደኛችሁ ቀልዳችሁን እየመለሰ፣ ውስጡ ግን ምንም እየያዘ ላይሆን ይችላል። ከውጭ አይታወቅም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002፣ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 772 ተማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቀው ነበር። ጠጥተው ከሚያውቁት ውስጥ 51 በመቶው እንዲህ ያለ የጠፋ ሌሊት እንደነበራቸው ተናግረዋል። በዚያ ሌሊት ያደረጉትን ኋላ ላይ ከሰው ነው የሰሙት። መኪና የነዳ አለ። ንብረት የሰበረ አለ። ያለ ጥንቃቄ ግንኙነት የፈጸመ አለ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ ይጠጡ ነበር፤ ሌሊቱ የጠፋባቸው ግን እኩል ነው። እህቶቼ፣ ከወንዶቹ ጋር እኩል ለምትጠጡ ነው ይሄን የምለው። የሴት ልጅ ሰውነት በአማካይ አነስ ያለ ውሃ ስለሚይዝ ያው መጠን ደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል።

«ስንት ነው ታዲያ ብዙ የሚባለው?» ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለወንድ 5፣ ለሴት 4 መጠጥ ነው። በኛ አንድ ጠርሙስ ቢራ እንደ አንድ መጠጥ ቢቆጠር ብዙም አይርቅም። ጃምቦ በጃምቦ ላይ ሲደራረብ እዚያ ለመድረስ አንድ ኳስ ጨዋታ አይፈጅም። አረቄ ሲሆን ደግሞ መለኪያዋ ትንሽ ስለሆነች ይንቋታል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። በየጊቢው «እሱ መጠጥ ይችላል» የሚባል ልጅ አለ። ይወደሳል። ሁሉም ሲንገዳገድ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምሰጋው ለእሱ ነው። አለመንገዳገድ አለመጎዳት አይደለም። በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ወጣቶቹ ከትልልቆቹ ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ አይጥላቸውም፤ መማርና ማስታወስ ላይ ግን የባሰ ይጎዳሉ። እንቅልፍ ስለማይጥለው ይጨምራል፤ ስለጨመረ ይጎዳል። ማርክ ሹኪት የሚባሉ ተመራማሪ ወጣቶችን ለብዙ ዓመት ተከታትለው ያገኙትም ከዚህ አይርቅም። ብዙ ጠጥቶ ብዙ የማይሰማው ልጅ፣ ኋላ ላይ ከመጠጥ ጋር ችግር ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እኛ ደግሞ እጁን ይዘን «ጀግና!» እንለዋለን።

በኛ አገር ጨብሲ የሚባለው ነገር ይጨመርበታል። ፋይናል ደርሷል ተብሎ ሲቃም ይመሻል፤ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ። ጫት ያነቃል። የነቃ ሰው መስከሩ ቶሎ አይታወቀውም። አንጎሉ ግን የገባውን አልኮል አንዱንም አልተወም። ይባስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የቸከለውን ነገር አንጎል የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው። በመጠጥ የመጣ እንቅልፍ ደግሞ ቶሎ ይወስዳል እንጂ የተቆራረጠ ነው፤ ሕልም የምናይበትን ክፍሉን ይቀንሰዋል። እንግዲህ ልጁ ያነበበውን ራሱ እያጠፋው ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ቤተሰብ በስንት ጭንቅ ነው ጊቢ የላከው።

ዕድሜውም አለ። ፍሬሽ ሆኖ የሚገባ ልጅ 18፣ 19 ዓመቱ ነው። ግንባራችን ጀርባ ያለው፣ «ተው፣ ይበቃሃል» የሚለን የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያልቀው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ጊቢ በር ላይ ካሉት ግሮሰሪዎች መታወቂያ የሚጠይቅ አይቼ ግን አላውቅም። ሻጩ ላይ ብቻ አልፈርድም፤ የምንጋብዘው እኛ ሲኒየሮቹ ነን።

ደስ የሚለው፣ የወጣት አንጎል ይጠገናል። መጠጡ ሲቆም ትኩረትም ትውስታም በሳምንታትና በወራት እየተሻሻለ ይሄዳል። አሁን ያቆመ አልረፈደበትም።

ከመለያየታችን በፊት ግን አንድ ነገር። «ተዉት፣ ተኝቶ ይነሳል» የሚባለውን እባካችሁ አትመኑት። ሰው መጠጣት ካቆመ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከተኛ በኋላ ሊብስበት ይችላል። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም ስካሩ ቶሎ እንዲለቀው አያደርጉም። ጓደኛችሁን በጀርባው አታስተኙት፤ በጎኑ አድርጉት፣ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው። ስትጠሩት ስትነቀንቁት የማይነቃ ከሆነ፣ ትንፋሹ በጣም ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ዘበኛ ያየናል፣ ዲሲፕሊን እንቀርባለን ብላችሁ አትፍሩ። ጊቢ ክሊኒክ ውሰዱት፣ ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ። እስኪመጡ ድረስ ከጎኑ የሚቆየው ያልጠጣው ልጅ ይሁን፤ የጠጣውን እንቅልፍ ይጥለዋል።

ሳምንት እንገናኝ። ሰላም ሁኑ።