ጠቅ ሳይል ሞተር አይነሳም፦ ስለ ሞተር፣ ታክሲ፣ ባጃጅና ብስክሌት የደወላችሁት

የዚህ ሳምንት የስልክ ሰዓታችን ጥያቄ «ለሥራ መመላለሻ ሞተር ይሻላል ወይስ ሌላ?» የሚል ነበር። ሞተር ላይ ከወጣሁ 28 ዓመቴ ነው። ግማሹን ሰው በማሠልጠን አሳልፌዋለሁ። ግራ ጉልበቴ ውስጥ ብረት አለ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው። ስልኩ ስለበዛ በአየር ላይ ያልደረስኩባችሁንም እዚህ ጨምሬ መልሻለሁ። የቆዩ አድማጮቻችን ገና «ሄሎ» ሲሉ የምጠይቃቸውን ያውቃሉ። ሄልሜት አለህ ወይ? ማሰሪያውስ ጠቅ ይላል?

ከአዲስ አበባ፦ «ቤቴ አያት፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። በታክሲ ሰልፍ ተማርሬያለሁ። ሞተር ልግዛ?»

ከሞተሩ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሞተር በልዩ ፈቃድ ነው የሚንቀሳቀሰው። መንገድ ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ የድርጅትና የዕቃ አድራሽ ናቸው። «ጓደኛዬ እየነዳ ነው» ብለህ ገዝተህ በረንዳ ላይ ላስቲክ አልብሰኸው እንዳትቀር። መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ።

ደግሞስ አንተ እኮ ዕድለኛ ነህ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር በመገናኛና በስታዲየም በኩል አድርጎ ሜክሲኮ ያወርድሃል። መቀየር የለ፣ ኮንትራት የለ። ይጨናነቃል፣ ይዘገያል ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ግን አንድ ሳምንት መዝግበው። ሰኞና ማክሰኞ በባቡር፣ ረቡዕና ሐሙስ በታክሲ። የምትቆጥረው ከቤትህ በር እስከ ቢሮህ ወንበር ነው። ሰው ሲያወዳድር ሞተሩ የሄደበትን ደቂቃ ብቻ ይቆጥራል። የዝናብ ልብስ መልበሱን፣ ማደያ መሰለፉን፣ ማቆሚያ ፍለጋውን፣ ቢሮ ደርሶ ጭቃ ማራገፉን ይረሳዋል።

ሞተር ከተማ ውስጥ የሚቀድመው በፍጥነቱ እንዳይመስልህ። በቆሙ መኪኖች መሃል ስለሚሾልክ ነው። ሰውን የሚሰብረውም ይኸው መሾለክ ነው። «ወራጅ አለ!» ሲባል ሚኒባሱ ባገኘው ቦታ ይቆማል፤ በሩ ደግሞ በቀኝ ነው የሚከፈተው። በቀኙ እየሾለክክ ከነበርክ ወራጁ የሚወርደው ጭንህ ላይ ነው። በታክሲ ቀኝ አትለፉ። ይህንን ዛሬ እደጋግመዋለሁ፣ ቻሉኝ።

ከአዳማ፦ «ቪትዝ አለችኝ። ሞተር በነዳጅ ያን ያህል ይሻላል?»

በደንብ። 125 ሲሲ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ቪትዝህ ከተማ ውስጥ 15 ከሄደችልህ አመስግናት። ሒሳቡ ላይ ግን ሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ፣ ዘይት፣ ካቴናና ጎማ ጨምር። ሄልሜትም ጨምር፣ ጥሩውን።

ከሻሸመኔ፦ «ባጃጅ ወይስ ሞተር ልግዛ?»

ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው። ቦክሰር የምንለውን ሞተርም የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ቦክሰር ብትገዛም ያው ባጃጅ ገዛህ ማለት ነው። ቀልዱን ትቼ፣ ሰው ጭነህ ልትሠራ ከሆነ ባለ ሦስት እግሩን። ብቻህን ልትመላለስ ከሆነ ሞተሩን።

ከሀዋሳ፦ «ጠዋት የአምስት ዓመት ልጄን ከፊቴ ታንኩ ላይ፣ ባለቤቴን ከኋላ አድርጌ አደርሳቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። በየቀኑ ለባጃጅ ከምከፍል ይህ አይሻልም?»

አይሻልም። ወንድሜ፣ ስልኩን እንዳትዘጋብኝ።

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የምሰማው። ቃላቱ እንኳ አይቀየሩም፦ «ሩቅ አይደለም»፣ «ቀስ ብዬ ነው»። ቀስ ማለት ስንት ነው? 40? በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከቆመ ነገር ጋር መጋጨት ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። ልጅህን ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ አጥር ላይ አታስቀምጠውም። ታንኩ ላይ ግን በየጠዋቱ ታስቀምጠዋለህ።

ከፊትህ ያለ ልጅ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ፍሬን በድንገት ስትይዝ አንተ ወደ ፊት ትሄዳለህ። ባለቤትህ አንተ ላይ ትመጣለች። የሁለት ትልልቅ ሰዎች ክብደት መሪው ላይ የሚያጣብቀው ልጁን ነው። አንተ «እቅፌ ውስጥ ነው» ትላለህ። ስትጋጭ ግን ለአንተ ደረት ትራስ የሚሆነው እሱ ነው።

የልጅ እጅ ደግሞ አያርፍም። ሲደነግጥ ያገኘውን ይጨብጣል፤ ፊቱ ያለው የነዳጁ እጀታ ነው። አንድ ሠልጣኜ ልጁ እጀታውን ጠምዝዞበት ሁለቱም ጎረቤት አጥር ውስጥ ገብተዋል። ቆርቆሮ አጥር ነበር። ዛሬ ሲያወሩት ይስቃሉ። የልጁ አገጭ ላይ ያለው ስፌት ግን አሁንም ይታያል።

ሄልሜትስ? «አድርጎ ነው» ትለኛለህ፣ ያንተን አሮጌ። የትልቅ ሰው ሄልሜት ለልጅ ባልዲ ነው። ዞሮ ዓይኑን ይሸፍነዋል፤ ሲወድቅ ቀድሞት ይወልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሄልሜት በትክክል ሲደረግ የሞት አደጋን በ40 በመቶ፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በትክክል ሲደረግ ነው ያለው። ክንድ ላይ ሲንጠለጠል አላለም። ትራፊክ ሲታይ ብቻ ብድግ ተደርጎ ሲጠለቅ አላለም። ጠቅ! ይህን ድምፅ ሳትሰሙ እግራችሁን ከመሬት አታንሱ።

ወደ ባለቤትህ ልምጣ። ነጠላ ትለብሳለች? የነጠላው ጫፍ ካቴናው ውስጥ ወይም የኋላ ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ከገባ ጎማው ይጠቀልለዋል። የሚጎተተው አንገቷ ነው። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም ሻርፕ ሞተር ላይ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ስትወርድ ታጣፋዋለች፣ ማንም አይቀድማትም።

ታዲያ ምን ላድርግ አትለኝም? «ሩቅ አይደለም» ያልከኝ አንተ ነህ። ሩቅ ካልሆነ በእግር ነዋ። ሩቅ ከሆነ ሦስት አራት ጎረቤት ሆናችሁ ከአንድ ባጃጅ ጋር በወር ተነጋገሩ። ባጃጁ ላይም ልጁ ከኋላ ወንበር መሃል ይቀመጥ፤ ሾፌሩ ጎን ፈጽሞ አይሆንም። ባጃጅም ቢሆን መዞሪያ ላይ በፍጥነት ከገባ ይገለበጣል። «ቀስ በል» ለማለት አትፈር። ልጁ አድጎ እግሩ የእግር ማሳረፊያውን ሲረግጥ፣ ልኩ የሆነ ሄልሜት ሲኖረው፣ ከኋላህ ወገብህን አጥብቆ መያዝ ሲችል ያን ጊዜ ደውልልኝ። ያኔም ለሁለት ብቻ። ሞተር ሦስተኛ ወንበር የለውም።

እዚህ ላይ አዘጋጇ በመስታወቱ ማዶ እጇን ስታወዛውዝልኝ ነበር። ማስታወቂያ በላሁባት መሰለኝ።

ከባሕር ዳር፦ «ተማሪ ነኝ። ከአባይ ማዶ ወደ ፖሊ ግቢ በብስክሌት እመላለሳለሁ። ቤተሰቦቼ ሞተር ሊገዙልኝ ነው። ልቀበል?»

የቤተሰብ ስጦታ አልቀበልም ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከተማህ ሜዳ ነው። በአጭር መንገድ ሞተሩ ብስክሌትህን የሚቀድመው በጥቂት ደቂቃ ነው። ብስክሌት ቤንዚን አይጠይቅ፣ ቦሎ አይጠይቅ። በአንተ ቦታ ብሆን ገንዘቡን ለላፕቶፕ አዙሩልኝ እላቸው ነበር። እምቢ ካሉህ መጀመሪያ የሞተር መንጃ ፈቃድ አውጣ። አባትህ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አለውና ያስተምርሃል ማለት ይህን አይተካም። ብስክሌት ላይም ሄልሜት አለ። እሱም ጠቅ ይላል።

ከጎንደር፦ «ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጌ (ከማርሽ አውጥቼ) ሞተሩን አጠፋለሁ። ጉዳት አለው?»

አለው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጁን ስትለቅ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። ፎሌ ስታደርግ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከፊትህ አህያ ወይም ልጅ ቢገባ ነዳጅ ሰጥተህ ማምለጥም አትችልም። ተቆጠበ የምትለው ቤንዚን የቡና ሲኒ አይሞላም። አዲሶቹ ኢንጄክሽን ሞተሮችማ ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጁን ስትለቅ ቤንዚኑን ራሳቸው ይቆርጡታል። በዳገት የምትወጣበትን ማርሽ በቁልቁለትም ተጠቀምበት።

ከጅማ፦ «ሰልባጅ ሄልሜት ብገዛስ?»

አይሆንም። ወድቆ ያውቅ እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ከአዲስ አበባ፣ ዕቃ አድራሽ፦ «የኤሌክትሪክ ሞተር ሊሰጡን ነው። ዳገት ይችላል?»

ይችላል። እንዲያውም የቤንዚን ሞተር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ኤሌክትሪኩን ይህ አይነካውም። ዳገቱ ግን ባትሪውን ይበላዋል፤ ሽሮ ሜዳ ደርሶ መመለስና ቃሊቲ ደርሶ መመለስ አንድ አይደሉም። ድምፅ ስለሌለው እግረኛ አይሰማህም፣ ወራጅም አይሰማህም። በታክሲ ቀኝ አትለፍ ያልኩት ለአንተ እጥፍ ነው። ባትሪው ካበጠ ወይም ቻርጅ ላይ ከመጠን በላይ ከጋለ አትፍታው፣ መኝታ ቤትም አታሳድረው። ለባለሙያ ስጥ።

ከደብረ ብርሃን፦ «ጠዋት ስነዳ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።»

ጓንት። ጓንት አድርገህም ካልተወህ፣ ወይም ከሞተር ስትወርድም ከቀጠለ፣ ሐኪም ይየው።

የመጨረሻው፣ ከአዲስ አበባ፦ «ማክሰኞ የታክሲ በር ተከፍቶብኝ ወደቅኩ። ሄልሜት ነበረኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ከትናንት ጀምሮ ግን ራሴን ያመኛል፤ ዛሬ ጠዋት አስመለሰኝ። ሄልሜቱ ጭረት ብቻ ነው ያለው። መቀየር አለብኝ?»

ሄልሜቱ ይቀየራል። እሱን አሁን ተወው። አንተ አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄዳለህ። ጭንቅላት ውስጥ ደም ቀስ እያለ ሊፈስ ይችላል። ሰው ቆሞ እየሄደ፣ እያወራ፣ ከቀናት በኋላ ነው የሚታወቀው። ይህን እኔ በስልክ አላይም፣ መድኃኒት ቤትም አያየውም። ስትደርስ የወደቅክበትን ቀን ንገራቸው። ራስህን ስተህ ከነበረ፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለም እንዳትደብቅ። ብቻህን አትሂድ። የሞተሩን ቁልፍ ደግሞ አሁን አጠገብህ ላለው ሰው ስጥ፤ በሞተር እንዳትሄድ።