ክረምት ላይ ሳይክል መንዳት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አድማጮች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ የሚደወለው ስልክ ስለ ብርድ፣ ስለ ዝናብና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስለሚያወጣው ዳገት፣ ስለ ሐረጎ ነው። እኔ ሳይክል እጠግናለሁ፣ ልጆችም አሰለጥናለሁ፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ማን ምን ሆኖ እንደሚመጣ አየዋለሁ። ሰዓት አልቆባቸው አየር ላይ ያልገቡትንም ጥያቄዎች ጨምሬ ነው የመለስኩት።

ከደሴ ሆጤ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልነዳ ብዬ አላርም እሞላለሁ ግን መስኮት ከፍቼ ጉሙን ሳይ ተመልሼ እተኛለሁ። ሞራሌ ወረደ፣ ምን ይሻለኛል?

አብሽር፣ ግማሹ ደሴ እንዳንተ ነው። ነገሩን ማታውኑ ጨርሰው። ልብሱን፣ ካልሲውን፣ ጓንቱን አንድ ወንበር ላይ ደርድር፣ ጎማ ንፋ፣ ፍሬን እይ። ጠዋት በጨለማ ካልሲ መፈለግ ከጀመርክ ቀረህ ማለት ነው። ከዛ ደግሞ ከሰው ጋር ተቀጣጠር፣ ፒያሳ ላይ ብርድ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው እንዳለ ካወቅክ ትነሳለህ። ሱብሂ የምትሰግድ ወይም ኪዳን የምታደርስ ከሆነ መቼም ከእንቅልፍህ ተነስተሃል፣ ወደ ብርድ ልብሱ ሳትመለስ ከዛው ቀጥል። እኔ ለማሰለጥናቸው ልጆች የምላቸው 10 ደቂቃ ብቻ ንዱ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አሁንም ካስጠላችሁ ተመለሱ፣ ማንም አይቆጣችሁም። አብዛኛው ልጅ አይመለስም ምክንያቱም በዛ ሰዓት ሰውነቱ ሞቋል። እኛ አገር የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱን ከተጠቀምክበት ወሩን ሙሉ መንዳት ትችላለህ። መብረቅ ካለ ግን ተኛ፣ እሱ ስንፍና አይደለም።

ከኮምቦልቻ፦ ደራርቤ ለብሼ ወደ ደሴ ስወጣ በላብ እጠመቃለሁ፣ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እንቀጠቀጣለሁ።

ከውስጥ የለበስከው ጥጥ ቲሸርት ነው አይደል? ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀመጣል፣ ቁልቁል ስትወርድ ንፋሱ ያን እርጥብ ጨርቅ ሲመታው ነው የምትንቀጠቀጠው። ከገላህ ጋር የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን። ሰልባጅ ተራ ሂድ፣ ስስ የስፖርት ቲሸርት ወይም ስስ የሱፍ ሹራብ ታገኛለህ፣ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ከላዩ ንፋስ የማያስገባ ቀለል ያለ ጃኬት ይበቃሃል። ሽቅቡ ላይ ጃኬቱን አውልቀህ ወገብህ ላይ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ክተተው፣ ወገብ ላይ የታሰረ እጅጌ ተፈቶ ጎማ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ከቤት ስትወጣ ትንሽ ብርድ ብርድ ካለህ ልክ ለብሰሃል ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ እላይ ስትደርስ ሶስት አራት ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቅሃል። ደሴ እንደደረስክ የረጠበውን ከውስጥ ቀይር። ከመውረድህ በፊት ደግሞ ጋዜጣ አጥፈህ ደረትህ ላይ ከጃኬቱ ስር አስገባ፣ የድሮ ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት ነው፣ ንፋሱን በደንብ ይመልሳል። ጓንትም አትርሳ፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም።

ከደሴ ሸዋ በር፦ ጋቢ ደርቤ ብነዳስ?

አይሆንም። ጫፉ ራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ወይም ካቴና (ሰንሰለቱ) ውስጥ ይገባና ይጥልሃል። ነጠላም ሻርፕም እንደዛው።

ከኮምቦልቻ፣ ወጣት፦ ዝናብ ሲሆን ሐረጎን መውጣት ስለሚከብድ የአይሱዙ ወይም የተሳቢ ኋላ ይዘን ነው የምንወጣው። ሁሉም ያደርገዋል፣ በጥንቃቄ እስከያዝን ድረስ ችግር አለው?

አዎ አለው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በየዓመቱ ክረምት እናገራለሁ በየዓመቱም አያለሁ።

ልጄ ስማኝ። መኪናውን ስትይዝ በአንድ እጅህ ነው ሳይክሉን የምትነዳው። በዛ እጅህ የምትይዘው ፍሬን አንድ ብቻ ነው፣ የፊቱ ከሆነ በረጠበ አስፋልት ላይ ፊትህን አንሸራቶ ይጥልሃል፣ የኋላው ከሆነ አያቆምህም። ሹፌሩ አያይህም፣ ስፖኪዮው ጎኑን እንጂ ልክ ኋላው የተለጠፈውን አያሳየውም፣ ጉም ካለማ ጭራሽ። ማርሽ ሲቀይር መኪናው ለአንድ አፍታ ይዘገይና መልሶ ይጎትታል፣ ያቺ መንገጫገጭ ናት ክንድ የምትነቅል። የኋላ ጎማው የሚረጨው ጭቃና ውሃ ዓይንህ ውስጥ ስለሚገባ ከፊትህ ያለው ጉድጓድ አይታይህም፣ ብታየውም ከመኪናው ስር የሚመጣ ስለሆነ የምትሸሽበት ቦታ የለህም።

የሐረጎ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቱን ዱካ አይከተሉም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። ፊቱ ሰፊ ቦታ ትቶ ሲያልፍ አይተህ በውስጥ በኩል ከጎኑ የያዝክ እንደሆነ ያ ቦታ መታጠፊያው መሀል ላይ ይዘጋል፣ በአንድ በኩል ጎማ በሌላ በኩል የመንገዱ ግንብ። ከሚሌ በባቲ በኩል ጭነት ይዞ የሚመጣው መኪና ስንት ቶን እንደሚጎትት ኮምቦልቻ የምትኖር ልጅ ታውቀዋለህ፣ አንተን ሲረግጥህ ሹፌሩ ላይሰማው ይችላል። ከዛ ምንም ያላጠፋ የልጆች አባት ይታሰራል። ያንተ እናት ታለቅሳለች የሱም ሚስት ታለቅሳለች።

ደከመኝ ካልክ ወርደህ ግፋ፣ ሳይክል መግፋት ነውር አይደለም። ሚኒባስ አስቁምና ረዳቱን አነጋግረህ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭን፣ ትንሽ ብር ትጨምራለህ በቃ። ወይም ክረምቱን እዛው ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ንዳ፣ ጉልበት በሜዳም ይሰራል። ይሄን የምትሰሙ ሹፌሮችና ረዳቶችም ከኋላ ልጅ እንደተንጠለጠለ ካወቃችሁ ጥጋችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቁሙና አውርዱት። ፍጥነት ጨምሬ ላስለቅቀው የሚል ሹፌር አለ፣ እባካችሁ እሱን ተዉ።

ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦ ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ሲሆን ፍሬኑ እንቢ ይላል፣ ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የተገጠመበትን የብረት ክብ፣ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ስትይዘው መጀመሪያ ውሃውን ነው የሚጠርገው፣ ጎማው ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ነው የሚነክሰው። ስለዚህ ቀደም ብለህ ቀስ አድርገህ መያዝ ጀምር፣ ሁለቱንም፣ መታጠፊያው ሳይደርስ ቀጥታው ላይ። መታጠፊያ ውስጥ ገብተህ አትጨምድድ። ቀስተ ደመና የሚመስል ነገር አስፋልቱ ላይ ካየህ የፈሰሰ ናፍጣ ነው፣ እዛ ላይ ፍሬንም አትንካ መሪም አትጠምዝዝ። የከተማው ኮብልስቶንም ሲረጥብ ያው ነው። የፍሬኑን ጎማ ደግሞ እየው፣ ቦዮቹ ከጠፉ አልቋል ቀይር፣ ክረምት ላይ አሸዋው ቶሎ ነው የሚበላው። ሐረጎን ለመውረድ ከመነሳትህ በፊት ፍሬን እይ፣ ይሄን እስክትሰለቹኝ እደግመዋለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ለብርዱ ብላቸውስ?

የሙቀት ስሜቱ ያታልልሃል። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሙቀትህን ቶሎ ነው የምታጣው፣ ሚዛንህንም ይወስዳል። ዝንጅብል ያለው ሻይ ጠጣ።

ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ ካቴናው ክረምት በገባ ቁጥር ይዝጋል። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቼ እቀባዋለሁ።

እሱን ተወው። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተር የተፋቀ የብረት ብናኝ አለ፣ ካቴናህን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ከነዳህ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ከዛ የሳይክል ዘይት ካጣህ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ፣ ትንሽ አዙረህ ትርፉን መልሰህ ጥረግ። ስስ ስለሆነ ዝናብ ቶሎ ያጥበዋል፣ ደጋግመህ ማድረግ ነው። ቸርኬውና የፍሬኑ ጎማ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳታርፍ፣ ያን ቀን ፍሬን የለህም።

አንዲት እናት ከኮምቦልቻ፦ ልጄ ፋብሪካ ነው የምትሰራው፣ ፈረቃዋ ሌሊት ሲሆን በሳይክል ነው የምትመለሰው። ሐሳብ ገባኝ።

እናቴ፣ ማሰብዎ ልክ ነው። ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ይግዙላት፣ ውድ አይደለም፣ ባትሪውንም በየጊዜው ትየው። ጉምና ዝናብ ውስጥ ነጭ ልብስ አይታይም፣ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ላዩ ላይ አንጸባራቂ ያለው ሰደርያ ነው የሚታየው፣ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት አይነት። ፓራፋንጎ ያስገጥሙላት፣ ጀርባዋ በጭቃ አይበላሽም። ደረቅ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላ ፋብሪካው ሎከር ውስጥ ታስቀምጥ። ከሁሉም በላይ ግን ብቻዋን አትመለስ፣ እዛው ፈረቃ ያሉ ሁለት ሶስት ሆነው ይምጡ።

ከደሴ፦ የፍልሰታን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ መንዳት ይጎዳኛል?

ጤነኛ ከሆንክ ቀለል አድርገህ መንዳት ትችላለህ፣ የምትነዳበትን ሰዓት ወደምትበላበት ሰዓት አስጠጋው፣ ነድተህ እንደጨረስክ ትበላለህ። ሽቅብ አትምረጥ። ካዞረህ ወርደህ ተቀመጥ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብህ እኔን ሳይሆን ሐኪምህን ጠይቅ።

ከኮምቦልቻ፦ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ መንገድ ላይ የሚፈሰውን ውሃ ፍጥነት ጨምሬ ባልፈውስ?

አትግባ። የደፈረሰ ውሃ ስር ያለውን ጉድጓድ አታየውም፣ ጉልበት ያልደረሰ ጎርፍ ሰው ከነሳይክሉ ይወስዳል። እስኪጎድል ቁም።

ከሐይቅ ከተማ፣ 50 ዓመቴ ነው፦ ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል።

መጀመሪያ ኮርቻዎን ይዩልኝ፣ ዝቅ ብሎ ከሆነ ጉልበት ያሳምማል። ፔዳሉ እታች ሲደርስ እግርዎ ሊዘረጋ ትንሽ የቀረው መሆን አለበት። ከባድ ማርሽ አይርገጡ፣ ቀላሉን ይዘው ቶሎ ቶሎ ያዙሩ። ቁምጣ ለብሰው አይውጡ፣ ጉልበት ይሸፈን። ይህን አድርገው በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ወይም ካበጠ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ይታዩ፣ ወጌሻ ጋ ሄደው እንዳያሳሹት።

ከደሴ ገራዶ፦ ብርድ ላይ ሽቅብ ስነዳ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኝና ያፍነኛል፣ ስቆም ይተወኛል። መንዳቴን ብቀጥል እለማመደዋለሁ ወይ?

አትለማመደው። አስም ሊሆን ይችላል፣ ልብ ሊሆን ይችላል፣ በስልክ አይታወቅም። ሐኪም እስኪያይህ አትንዳ፣ ነገ ሂድ።

ከኮምቦልቻ፦ ጭቃውን መኪና እጥበት ወስጄ በፕሬዠር ባሳጥበው?

ፕሬዠሩ ውሃና አሸዋውን ኩሽኔታ (ጎማውንና ፔዳሉን የሚያሽከረክሩት ኳሶች ያሉበት) ውስጥ ይከተዋል። ባልዲ፣ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሃል፣ ስትጨርስ አድርቀህ ካቴናውን ዘይት አድርግ፣ ፍሬኑንም እየው።