ባለራስቅሏ የእሳት እራት

ውድ ንብ አናቢዎችና በጓሯችሁ ድንች የምታለሙ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የዛሬዋ እንግዳችን በጀርባዋ ላይ፣ ከራሷ ዝቅ ብሎ፣ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ፈዛዛ ቢጫ ምልክት ያለባት የእሳት እራት ናት። በዚህ ምልክት ምክንያት አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው የሞት መልእክተኛ ናት እያለ ይፈራት ነበር። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣላት አትሮፖስ አላት፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሰውን የሕይወት ክር የምትቆርጠው አምላክ ስም ነው። ይህ ስም አይገባትም። አትናደፍም፣ አትመርዝም። ብትነኳት እንደ አይጥ ሲጥ ሲጥ ትላለች፤ አየር በአፏ ስባ መልሳ ስታስወጣ የሚፈጠር ድምፅ ነው።

ክንፎቿ ሲዘረጉ ከ9 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። የፊተኞቹ የዛፍ ቅርፊት የመሰሉ ጥቁር ቡናማ ናቸው፤ ቀን ግንድ ላይ ስታርፍ ዓይን የሚያልፋት ለዚህ ነው። የኋለኞቹ ቢጫ ሆነው ጥቁር መስመር አላቸው።

ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በአፍሪካና ሞቃት በሆነው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። ሙቀቱ ሲገባ ባሕር አቋርጣ ወደ ሰሜን፣ ወደ አውሮፓ ትመጣለች። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጀርመን ኮንስታንዝ ከተማ ላይ በተለቀቁ 14 እራቶች ላይ ትንንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ አስሮ፣ በአውሮፕላን ተከትሏቸዋል። ነፋስ ሲገፋቸውም ሲቃወማቸውም መስመራቸውን አልለቀቁም።

ቀፎ የምትጠጋው ለማር ነው። ምላሷ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ የታሸገውን የማር እንጀራ ይበሳል። ሰውነቷ ላይ ያለው የቅባት ሽታ ከንቦቹ ጋር ስለሚመሳሰል በጨለማ ሳይለዩዋት ታልፋለች። ሁልጊዜ ግን አይሳካላትም፤ ንቦች ገድለው በፕሮፖሊስ (ከዛፍ ሙጫ በሚሠሩት ማጣበቂያ) የለበጧት እራት ቀፎ ውስጥ ትገኛለች። መርዝ አያስፈልጋችሁም። የቀፎውን መግቢያ ከፍታ ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጥብቡት፤ ንብ ያልፋል፣ እሷ አታልፍም።

እንቁላሏን አንድ በአንድ በቅጠል ሥር ትጥላለች፤ በተለይ በድንች ላይ፣ እንዲሁም በአስተናግርና በመሳሰሉት። እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። አባጨጓሬው አራት ጊዜ ቆዳውን ጥሎ 12 ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ ጭራው ላይ ያለው የተቆለመመ ቀንድ አይወጋም። አንድ ሁለቱን ብታገኙ ተዉአቸው፤ የድንቹን ምርት አይጎዱም።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አባጨጓሬው ከ15 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ አፈር ውስጥ ጎጆ ያበጅና ፑፓ ይሆናል፤ ፑፓ አባጨጓሬው በሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ እራትነት የሚለወጥበት ደረጃ ነው። ድንች መቆፈሪያው ማሽን ይህን ጎጆ ያፈርሰዋል፤ ፀረ ተባዩ ደግሞ አባጨጓሬውን ቀድሞ ይፈጀዋል። በአውሮፓ እርሻዎች ድሮ ቆፋሪዎች የሚያውቁት ፍጥረት ዛሬ ብርቅ የሆነው በዚህ ነው፤ ያሳዝነኛል።

በነሐሴና በመስከረም ድንች ስታወጡ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቡናማ ፑፓ ቢወጣ መልሳችሁ አትቅበሩት። ጎጆው ፈርሷል፣ ውርጭም ይገድለዋል። ባልዲ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ አፈር አድርጉ፤ ላዩ ላይ አስተኙትና በእርጥብ የዛፍ ሽበት ሸፍኑት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ክፍል ይቀመጥ። አፈሩ ከደረቀ እራቷ ከሽፋኗ መውጣት ያቅታታል፣ ክንፏም ይጨማደዳል፤ ውኃ ከበዛ ይሻግታል።

ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ እንጨት በባልዲው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። እራቷ እንደወጣች ወደ ላይ ወጥታ መንጠልጠል አለባት፤ መንጠልጠያ ካጣች ክንፎቿ ሳይዘረጉ ይደርቃሉ። ክንፎቿ ከጠነከሩ በኋላ ዝናብ የሌለበትን ሞቃት ምሽት ጠብቃችሁ ልቀቋት። መጀመሪያ ጡንቻዋን ለማሞቅ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ታማለች ብላችሁ አትንኳት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትነሣለች።